ጾታና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፖርት በኢትዮጵያ

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፖርት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች በትምህርት ቤታቸው ምርጥ ቡድን ተሰልፈው የሚወዳደሩበት እንቅስቃሴ ነው። በዚህ መጣጥፍ የሴትና የወንድ ተማሪዎች ድርሻ በትምህርት ዘመኑ ውስጥ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ልዩነቱ ከምን እንደሚመነጭና በአገር አቀፍ ስፖርት ላይ ምን እንደሚያስከትል ይቀርባል። ለማሳያነት የተመረጠው በጉራጌ ምድር የሚገኘው የአታት፣ የወልቂጤና የቡታጅራ አካባቢ ነው።

ስለ ሴት ተማሪዎች ተሳትፎ ሲነገር በብዛት የሚጠቀሱት የወላጅ አመለካከት፣ ባህልና የተማሪዋ ፍላጎት ናቸው። ሦስቱም ድርሻ አላቸው። ሆኖም ልምምድ የሚደረግበት ሰዓት፣ ውድድር የሚውልበት ወርና ሜዳው በቅድሚያ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው የቀን መቁጠሪያም የዚያኑ ያህል ይመዝናል። አንዲት ተማሪ ስፖርት ብትወድም፣ ወላጆቿ ባይከለክሏትም፣ ልምምዱ ውኃ በምትቀዳበት ሰዓት ከዋለ ከቡድኑ ውጪ ትሆናለች።

የውድድር መዋቅር

የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ለሴትም ለወንድም በአንድ ክፍል የሚሰጥ መደበኛ ትምህርት ነው። በክፍለ ጊዜው ሁለቱም ጾታዎች ይገኛሉ፤ ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው ከክፍል ውጪ ባለው ውድድር ነው።

ውድድሩ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። መነሻው በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚደረገው የክፍል ለክፍል ጨዋታ ነው። ከዚያ የስፖርት መምህሩ የትምህርት ቤቱን ምርጥ ይመለምላል። ምርጡ ከአጎራባች ትምህርት ቤቶች ጋር ተጫውቶ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ይሻገራል፤ የመጨረሻው መድረክ የመላ ኢትዮጵያ ተማሪዎች ውድድር ነው። በየደረጃው የሴትና የወንድ ውድድር ለየብቻው ይካሄዳል፤ ሜዳልያውም እንዲሁ።

ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ቡድኑ እየጠበበ ይሄዳል፤ ለሴት ተማሪዎች ግን መጥበቡ ከታች ይጀምራል። በክፍል ለክፍል ጨዋታ ለወንዶች እግር ኳስ የሁሉም ክፍሎች ቡድን ሲመዘገብ፣ የሴቶቹ ቡድን የሚሟላው በጥቂት ክፍሎች ብቻ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን የሴቶች ምርጥ የሚወጣው ከውድድር ሳይሆን ከመምህሩ ጥሪ ነው። መምህሩ በክፍለ ጊዜው ፈጣን ናት ያላትን ተማሪ ጠርቶ፣ በአጭር ልምምድ አዘጋጅቶ ወደ ወረዳ ይልካታል። ወንዱ ለወረዳ ሲደርስ ብዙ ጨዋታ ያየ ሲሆን፣ ሴቷ የመጀመሪያ እውነተኛ ጨዋታዋን የምታደርገው እዚያው ነው።

የትምህርት ዘመኑና የስፖርት ወቅቶች

የኢትዮጵያ የትምህርት ዘመን በመስከረም ተጀምሮ በሰኔ ይጠናቀቃል። በሰሜን አሜሪካ እንዳለው የመኸር፣ የክረምትና የጸደይ ተብሎ በስፖርት ዓይነት የተከፋፈለ ወቅት የለም። እግር ኳሱም፣ መረብ ኳሱም፣ አትሌቲክሱም በአንድ የውድድር ዘመን ውስጥ ይጠቃለላሉ። የአየሩ፣ የበዓሉና የፈተናው ዑደት ግን በተግባር ወቅቶችን ይፈጥራል።

መስከረም የምዝገባና የበዓል ወር ነው። ሜዳው ከክረምቱ ዝናብ ገና አልደረቀም፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ሙሉ በሙሉ ሥራ የሚገቡት ከመስቀል በኋላ ነው። የክፍል ለክፍል ጨዋታ የሚደምቀው ከጥቅምት ወዲህ፣ ዝናቡ ቆሞ ሜዳው ሲጠነክር ነው። የአንደኛው መንፈቅ ዓመት ፈተና ካለፈ በኋላ ያለው እረፍት ለወረዳና ለዞን ውድድር ይመቻል። ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የክልልና የአገር አቀፍ ውድድር ዝግጅት ጊዜ ሲሆን፣ ወደ መጨረሻው ግን ፈተናው ይጫናል። በተለይ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለብሔራዊ ፈተና ሲሉ ከቡድኑ ይወጣሉ።

ዋናው የጨዋታ ወቅት በጋ መሆኑ ለሴት ተማሪዎች ሁለት ትርጉም አለው። ሜዳው ደረቅ ነው፤ ግን በጋ ምንጭ የሚሸሽበት፣ ውኃ ፍለጋ የሚረዝምበት ጊዜም ነው። በገጠር ውኃ መቅዳትና እንጨት መልቀም በአብዛኛው የሴት ልጅ ሥራ በመሆኑ፣ ሜዳው ለጨዋታ በተመቸበት ወቅት የእሷ ነፃ ሰዓት ያጥራል።

የጾም ወቅቶችም በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሊደራረቡ ይችላሉ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን 55 ቀን የሚጾሙት ዐቢይ ጾም ከፋሲካ በፊት ይውላል። ረመዳን ደግሞ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይሳባል። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም በየካቲት አጋማሽ ተጀምሮ፣ ረመዳን በዚያው ወር ከቀናት በኋላ ተከተለው። በሁለቱም ጾታ ያሉ ጿሚ ተማሪዎች ከሰዓት በኋላ ልምምድ ይከብዳቸዋል። ለሴቷ ግን የማፍጠሪያውን ወይም የማታውን ምግብ ማዘጋጀት ይጨመርባታል።

ከወቅቱ ሌላ የቀኑ ሰዓትም ተሳትፎን ይወስናል። ክፍል በማይበቃቸው ትምህርት ቤቶች ትምህርቱ በፈረቃ ይሰጣል፤ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ከሰዓት፣ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ጠዋት ልምምድ ይሠራል። ተቃራኒው ፈረቃ ለወንዱ የሜዳ ጊዜ ሲሆን ለሴቷ ብዙውን ጊዜ የቤት ሥራ ጊዜ ነው። ሙሉ ቀን በሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ልምምዱ ከ10 ሰዓት በኋላ ይጀምራል። በኢትዮጵያ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ግድም ብዙ ሳትርቅ ስለምትጠልቅ፣ ቤቷ ሩቅ የሆነ ተማሪ ሳይመሽባት ለመድረስ ልምምዱን አቋርጣ መሄድ ይኖርባታል።

የስፖርት ዓይነቶችና የጾታ ክፍፍል

በትምህርት ቤቶች የተለመዱት ስፖርቶች እግር ኳስ፣ መረብ ኳስ፣ እጅ ኳስ፣ ቅርጫት ኳስ፣ አትሌቲክስ፣ ጠረጴዛ ቴኒስና ቼዝ ናቸው። ሴት ተማሪዎች በብዛት የሚታዩት በአትሌቲክስ፣ በመረብ ኳስና በእጅ ኳስ ነው። እግር ኳስ ከሁሉ ይበልጥ ሜዳ፣ ተመልካችና በጀት የሚስብ ሲሆን ለረጅም ጊዜ የወንድ ጨዋታ ተደርጎ ቆይቷል።

የክፍፍሉ አንዱ ምክንያት የቡድን ቁጥር ነው። አንድ የእግር ኳስ ቡድን 11 ተሰላፊና ተጠባባቂዎች ያስፈልጉታል፤ መረብ ኳስ 6፣ እጅ ኳስ 7 ተሰላፊ ይበቃዋል። ሴት ተማሪዎች ጥቂት በሆኑበት ክፍል 6 ማሟላት 11 ከማሟላት ይቀላል። አትሌቲክስ ደግሞ አንዲት ተማሪ ብቻዋን የምትገባበት ስለሆነ ቡድን እስኪሟላ መጠበቅ የለም። ሌላው ምክንያት ቦታ ነው። የመረብ ኳስ ሜዳ ጠባብ ሆኖ በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ይገኛል፤ የእግር ኳሱ ሜዳ ብዙ ጊዜ ከግቢው ውጪ፣ የሰፈር ወጣቶችም የሚጋሩት ነው።

አለባበስም ተሳትፎን ይወስናል። ቁምጣና ማሊያ መልበስ በአንዳንድ ቤተሰብ ዘንድ ለሴት ልጅ አይፈቀድም፤ ቱታ ይህን ችግር በከፊል ያቃልላል። ሂጃብ ለሚለብሱ ተማሪዎች ዓለም አቀፍ ሕጉ ራሱ እንቅፋት የነበረበት ጊዜ አለ። ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ፊፋ የራስ መሸፈኛን በይፋ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2014 ሲሆን፣ የቅርጫት ኳሱ ፌዴሬሽን ፊባ በ2017 ተከትሏል። በወር አበባ ጊዜ የንጽሕና መጠበቂያ፣ ውኃና መለወጫ ክፍል አለመኖሩም ሴት ተማሪዎችን ከልምምድ ያስቀራል። ወንዶች ከዛፍ ሥር ማሊያ መቀየር ይችላሉ፤ ሴቶቹ አይችሉም።

ታሪክ

የጾታ ክፍፍል በወቅታዊ ጨዋታዎች ላይ ከዘመናዊው ትምህርት ቤት በፊትም ነበር። በታኅሣሥና በጥር የሚደምቀው የገና ጨዋታ የወንዶች ነው፤ በነሐሴ የሚጨፈረው ቡሄም የወንድ ልጆች ነው። በእንቁጣጣሽ ቤት ለቤት እየዞሩ የሚዘፍኑት ሴት ልጆች ናቸው። ጨዋታውና ጭፈራው በጾታ የተከፈለበት ይህ ልማድ ዘመናዊው ስፖርት ሲመጣ ተከትሎት ገባ።

ዘመናዊ ስፖርት በኢትዮጵያ የተስፋፋው በአዲስ አበባ የወንዶች ትምህርት ቤቶች በኩል ነው፤ ከነዚህም መካከል ዳግማዊ ምኒልክና ተፈሪ መኮንን ይገኙበታል። ለሴቶች የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። ቅርጫት ኳስና መረብ ኳስ በከተማ ወጣቶች ዘንድ እንዲለመዱ የወጣቶች ክርስቲያናዊ ማኅበር (ወወክማ) አስተዋጽኦ አድርጓል።

ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ የተሳተፈችው ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ሲሆን፣ ሴት አትሌቶችን ያሰለፈችው ግን በ1980 በሞስኮ ነው። ያኔ በመካከለኛ ርቀት የሮጡት ፋንታዬ ሲራክና አምሳለ ወልደገብርኤል ናቸው። ከ12 ዓመት በኋላ በባርሴሎና ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር አሸንፋ በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ይህ ድል በትምህርት ቤቶች ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ ቀላል አልነበረም፤ ሴት ልጅ መሮጧ ሥራ ፈትነት ሳይሆን ሙያ ሊሆን እንደሚችል ለወላጆች ማሳያ ሆኗል።

በጉራጌ አካባቢ

አታት በቸሃ ወረዳ ከወልቂጤ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ስትሆን፣ በይበልጥ የምትታወቀው እ.ኤ.አ. በ1969 በካቶሊክ የሕክምና ሚስዮን እኅቶች በተመሠረተው ሆስፒታሏ ነው። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ 158 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች፤ የጉራጌ ዞን ዋና ከተማም ናት። ቡታጅራ በሌላው አቅጣጫ፣ ከዓለም ገና ወደ ሆሳዕና በሚያልፈው መንገድ ላይ ናት። አካባቢው በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ወጥቶ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተጠቃሏል። ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ማዕከል ሆናለች።

የትምህርት ቤት ስፖርት ዑደት በዚህ አካባቢ የራሱ ባህርይ አለው። የመስቀል በዓል በጉራጌ የዓመቱ ትልቁ በዓል ነው፤ ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች የተበተነው ሰው ወደ አገር ቤት ይመለሳል። በክስታኔ አካባቢ ከመስቀል ቀጥሎ ወጣቶች አዳብና የተባለውን በዓል ያከብራሉ። በዓሉ አልፎ ተማሪው ተሰብስቦ የክፍል ቡድን እስኪቋቋም መስከረም ያልቃል። ለበዓሉ ዝግጅት ቤት መለቅለቁ፣ ቆጮና ክትፎ ማሰናዳቱ በሴቶች እጅ ስለሆነ፣ ከልጃገረዶቹ ብዙዎቹ ወደ ትምህርት የሚመለሱት ደክመውና ዘግይተው ነው።

ከበዓሉ ይበልጥ ዓመቱን ሙሉ የሚጫነው የእንሰት ሥራ ነው። እንሰት መትከልና መቁረጥ የወንድም ተሳትፎ ያለበት ሲሆን መፋቁ፣ መጭመቁና ለመብላላት ጉድጓድ መክተቱ የሴቶች ሥራ ነው። ሥራው ጉልበት የሚጠይቅና በደቦ የሚከወን በመሆኑ፣ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ከእናቷና ከጎረቤት ሴቶች ጋር ትሰለፋለች። እንሰት በሚፋቅበት ቀን ከልምምድ መቅረቷ አይቀርም።

ርቀትም አለ። በገጠር ያደጉ ብዙ ተማሪዎች ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ ከተማ ሄደው በኪራይ ክፍል ይኖራሉ። ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ጠዋት ስንቅ ለማምጣት ወደ ቤተሰብ ይመለሳሉ። የትምህርት ቤት ጨዋታ በብዛት የሚውለው ደግሞ ቅዳሜ ነው። ወንዱ ለጓደኛው አደራ ሰጥቶ ስንቁን ሊያስመጣ፣ ወይም ጨዋታው ካበቃ በኋላ አምሽቶ ሊጓዝ ይችላል። ሴቷ በምሽት መንገድ ስለማትወጣ ከጨዋታውና ከስንቁ አንዱን ትመርጣለች። ከትምህርት ቤቱ አጠገብ የምትኖር የከተማ ልጅ በዚህ ምክንያት ከገጠሯ እኩያዋ ይልቅ በምርጥ ቡድን የመግባት ዕድሏ ይሰፋል። ስለዚህ የልዩነቱ መስመር በሴትና በወንድ መካከል ብቻ ሳይሆን በከተማና በገጠር ሴት ተማሪዎች መካከልም ያልፋል።

በአካባቢው ተመልካች የሚስበው የክለብ ስፖርትም ወደ ወንዶቹ ያደላ ነው። ወልቂጤ ከተማ እግር ኳስ ክለብ፣ ደጋፊዎቹ «ሠራተኞቹ» የሚሉት፣ በ2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ መጫወት ሲጀምር ለብዙ ወንድ ተማሪዎች ቅርብ አርዓያ ሆኖ ነበር። ለሴቶች በዚያው ክልል የሚጠቀሰው አርዓያ ከዱራሜ የወጣችው አጥቂ ሎዛ አበራ ናት።

ከትምህርት ቤት ሜዳ ወደ ክለብ

በኢትዮጵያ ለዓለም መድረክ ከበቁ ሴት ስፖርተኞች ብዙዎቹ የተገኙት በስፖርት መምህር ዓይን ነው። የታወቀው ምሳሌ በአርሲ የምትገኘው በቆጂ ናት። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር የነበሩት ስንታየሁ እሸቱ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው አሠልጥነዋል። ደራርቱ ስሟ መነሳት የጀመረው በትምህርት ቤቷ በተካሄደ የ400 ሜትር ሩጫ ወንዶችን ጭምር ቀድማ ነው።

የትምህርት ቤቱ ጉልበት በሌላ መንገድም ታይቷል። በ5,000፣ በ10,000 ሜትርና በግማሽ ማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችው ለተሰንበት ግደይ በልጅነቷ በስፖርት ክፍለ ጊዜ አልሮጥም በማለቷ ከትምህርት ቤት እንደተባረረች፣ ለመሮጥ ተስማምታም እንደተመለሰች ተናግራለች። የጥሩነሽ ዲባባ ታሪክ ደግሞ የቀን መቁጠሪያን ክብደት ያሳያል። ወደ አዲስ አበባ የመጣችው ለትምህርት ሲሆን ለምዝገባ ዘግይታ በመድረሷ ወደ ማረሚያ ቤቶች ክለብ ገባች፤ በኋላም እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ በ5,000ና በ10,000 ሜትር፣ በ2012 በለንደን በ10,000 ሜትር የኦሊምፒክ ወርቅ አጠለቀች።

ከትምህርት ቤት ውጪ ያለው መንገድ ተማሪዎች «ፕሮጀክት» የሚሉት የታዳጊዎች ሥልጠና ነው። ከፍ ሲል በአሰላ የጥሩነሽ ዲባባ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከልና በአዲስ አበባ የወጣቶች ስፖርት አካዳሚ አሉ። በማዕከላቱ ሠልጣኞች እዚያው እየኖሩ ይማራሉ። ማደሪያ፣ ምግብና ሜዳ በአንድ ግቢ በመሆናቸው ከቤት ሥራ፣ ከርቀትና ከምሽት ጋር የተያያዙት እንቅፋቶች ይቀንሳሉ።

ከሜዳ ተጫዋችነት ውጪ ባሉ ሙያዎችም ሴቶች ገብተዋል። ሊዲያ ታፈሰ ቅርጫት ኳስ ተጫውታ ወደ እግር ኳስ ዳኝነት በመግባት እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2019 የሴቶች ዓለም ዋንጫ ተመድባለች። መሠረት ማኔ ድሬዳዋ ከተማን በማሠልጠን በፕሪሚየር ሊጉ የወንዶች ክለብ የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። ደራርቱ ቱሉም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆና አገልግላለች። በትምህርት ቤት ደረጃ ግን የስፖርት መምህርነት አሁንም በአብዛኛው የወንድ ሙያ ነው። ለውድድር ከከተማ ወጥቶ ማደር ሲመጣ ወላጆች የሚጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ ከልጃቸው ጋር ሴት መምህርት መኖሯን ነው።

ሕግና ፖሊሲ

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ አንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት ለኪነ ጥበብና ለስፖርት መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ይገልጻል። በ1990 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የስፖርት ፖሊሲ ስፖርት በትምህርት ቤቶች፣ በመኖሪያና በሥራ ቦታዎች እንዲስፋፋ፣ ሴቶችም እንዲሳተፉ አቅጣጫ ሰጥቷል።

እነዚህ ድንጋጌዎች የሚያረጋግጡት የመሳተፍ መብትን ነው። ሜዳው ለሴቶች በሳምንት ስንት ቀን እንደሚለቀቅ፣ የትምህርት ቤቱ የስፖርት በጀት እንዴት እንደሚከፈል፣ የሴቶች ጨዋታ በምን ሰዓት እንደሚውል የሚወሰነው በርዕሰ መምህሩ፣ በስፖርት መምህሩና በወረዳው ጽሕፈት ቤት ነው።

በሌሎች አገሮች

የውድድር ወቅት ራሱ የጾታ እኩልነት ጥያቄ ሆኖ ፍርድ ቤት የደረሰው በአሜሪካ ነው። በዚያ አገር ርዕስ ዘጠኝ ተብሎ የሚታወቀው እ.ኤ.አ. የ1972 ሕግ የፌዴራል ገንዘብ በሚያገኙ የትምህርት ተቋማት በጾታ ማግለልን ከለከለ። ሕጉ ከመውጣቱ በፊት በነበረው የትምህርት ዘመን በሁለተኛ ደረጃ ስፖርት የተመዘገቡት ሴቶች 294,015 ብቻ ሲሆኑ ወንዶቹ ከ3.6 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2018–19 የሴቶቹ ቁጥር 3.4 ሚሊዮን ገደማ ደርሷል፤ ወንዶቹ 4.5 ሚሊዮን ያህል ነበሩ።

ቁጥሩ ካደገ በኋላ ክርክሩ ወደ ወቅት ዞረ። በሚሺጋን ግዛት የሴቶች ቅርጫት ኳስ በመኸር፣ መረብ ኳሳቸው በክረምት ይካሄድ ነበር፤ በቀረው አገር ግን ተቃራኒው ነበር የተለመደው። በዚህም ሴት ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲ መልማዮች በሚመጡበት ጊዜ ሜዳ ላይ አይገኙም ነበር። ወላጆች እ.ኤ.አ. በ1998 የግዛቱን የሁለተኛ ደረጃ አትሌቲክስ ማኅበር ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ በ2001 መጥፎው ወቅት ለሴቶች ብቻ መመደቡ ማግለል ነው ብሎ ፈረደ። ይግባኙ በ2007 አብቅቶ ወቅቶቹ ተቀየሩ።

በአፍሪካ የኬንያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስፖርቶችን በትምህርት ዘመኑ ክፍለ ጊዜያት ከፋፍለው ያካሂዳሉ፤ ሴቶችና ወንዶች በተመሳሳይ ወቅት ይወዳደራሉ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ያቋቋመው የትምህርት ቤቶች ሻምፒዮናም የሴትና የወንድ ቡድኖችን ጎን ለጎን ያወዳድራል።

የተሳትፎ አለካክ

በዓለም ጤና ድርጅት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉ ታዳጊዎች 81 በመቶው በቂ የአካል እንቅስቃሴ እንደማያደርጉ አሳይቷል፤ ከሴቶቹ 85 በመቶ፣ ከወንዶቹ 78 በመቶ። ይህ አጠቃላይ እንቅስቃሴን እንጂ የቡድን ተሳትፎን አይለካም።

በትምህርት ቤት ደረጃ ተሳትፎ በሦስት መንገድ ሊቆጠር ይችላል። የመጀመሪያው በስፖርት ክበብ ወይም በቡድን የተመዘገቡትን መቁጠር ነው፤ ለሪፖርት ይመቻል፣ ግን ስሟ ተጽፎ ያልተጫወተችውንም ይጨምራል። ሁለተኛው በጨዋታ ቀን የተሰለፉትን መቁጠር ነው። ሦስተኛው በመስከረም የተመዘገበችው ተማሪ በሰኔ ቡድኑ ውስጥ መኖሯን መከታተል ነው። ሦስተኛው አለካክ ከሁሉ የሚጠቅመው ተማሪዎች ከቡድን የወጡበትን ወር ስለሚያሳይ ነው፤ ሴቶቹ የቀሩት በፈተና፣ በጾም፣ በእንሰት መፋቅ ወይም በስንቅ ቅዳሜ መሆኑ ከታወቀ የልምምዱን ቀንና ሰዓት ማዛወር ይቻላል። ይህ ተጨማሪ በጀት የማይጠይቅ፣ በርዕሰ መምህርና በስፖርት መምህር ሥልጣን ሊደረግ የሚችል ማስተካከያ ነው።